የቴሌስኮፕ ማነጣጠሪያ

የቴሌስኮፕ ማነጣጠሪያ ከዋናው ቴሌስኮፕ ቱቦ ጋር የሚታሰርና ቱቦው ወደየትኛው የሰማይ ክፍል እንደዞረ የሚያሳይ ትንሽ መሣሪያ ነው። አንዳንዱ ማነጣጠሪያ ራሱ አነስተኛ ቴሌስኮፕ ሲሆን ሌላው ደግሞ ምንም ሳያጎላ በመስታወት ላይ ቀይ ነጥብ ወይም ቀይ ክብ ብቻ ያሳያል። የሁሉም ሥራ አንድ ነው፤ በባዶ ዓይን ከሚታየው ሰፊ ሰማይ ወደ ዋናው ቴሌስኮፕ ጠባብ ዕይታ ማሸጋገር።

አዲስ ቴሌስኮፕ የገዛ ሰው በመጀመሪያዎቹ ምሽቶች ከጨረቃ በቀር ምንም ሳያገኝ ሲቀር ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የቴሌስኮፑ አይደለም። ማነጣጠሪያው ከፋብሪካ ሲወጣ ከዋናው ቱቦ ጋር በአንድ አቅጣጫ ተስተካክሎ ስለማይመጣ፣ ማነጣጠሪያው ወደ አንድ ኮከብ ሲያመለክት ዋናው ቱቦ ሌላ ቦታ ያያል። ይህን ማስተካከል በቀን ብርሃን ጥቂት ደቂቃዎች የሚወስድ ሥራ ነው። በጨለማ ግን እጅግ ያስቸግራል።

አስፈላጊነቱ

ቴሌስኮፕ ይበልጥ ባጎላ ቁጥር በአንድ ጊዜ የሚያሳየው የሰማይ ክፍል ይጠብባል። የማጉላት መጠን የሚገኘው የቴሌስኮፑን የትኩረት ርቀት ለዓይን ሌንሱ የትኩረት ርቀት በማካፈል ነው። ለምሳሌ በጀማሪዎች ዘንድ የተለመደው፣ የመስታወቱ ስፋት 114 ሚሊሜትር የትኩረት ርቀቱም 900 ሚሊሜትር የሆነ ቴሌስኮፕ በ25 ሚሊሜትር የዓይን ሌንስ 36 ጊዜ፣ በ10 ሚሊሜትር የዓይን ሌንስ ደግሞ 90 ጊዜ ያጎላል። የዓይን ሌንሶቹ የራሳቸው የዕይታ ስፋት 50 ዲግሪ ከሆነ፣ በመጀመሪያው የሚታየው የሰማይ ክብ 1.4 ዲግሪ፣ በሁለተኛው ደግሞ 0.56 ዲግሪ ብቻ ነው። ሙሉ ጨረቃ ግማሽ ዲግሪ ያህል ስለምትሰፋ ሁለተኛውን ዕይታ ብቻዋን ልትሞላው ትቃረባለች።

በአንድ ጊዜ ከአድማስ በላይ የሚገኘው ሰማይ ከ20,000 ካሬ ዲግሪ በላይ ነው። ይህን ሰማይ 0.56 ዲግሪ በሚሰፋ ክብ ለማዳረስ ከ80,000 በላይ ክቦች ያስፈልጋሉ። 7 ዲግሪ በሚያሳይ ማነጣጠሪያ ግን 540 ያህል ክቦች ይበቃሉ። ከዚህም ሌላ ምድር ስለምትሽከረከር ሰማዩ ቆሞ አይጠብቅም። በሰማይ ወገብ አጠገብ ያለ ኮከብ በሰዓት 15 ዲግሪ ስለሚጓዝ 0.56 ዲግሪ የሆነውን ዕይታ ከሁለት ደቂቃ ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ አቋርጦ ይወጣል። በዋናው ቴሌስኮፕ ብቻ በዘፈቀደ እየፈለጉ አንድን ነገር ማግኘት የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ታሪክ

ጋሊሌዮ ጋሊሌይ እ.ኤ.አ. በ1609 እና በ1610 የተጠቀመባቸው ቴሌስኮፖች ዕይታቸው በጣም ጠባብ ስለነበር ሙሉ ጨረቃን በአንድ ጊዜ ማሳየት አይችሉም ነበር። ዮሐንስ ኬፕለር እ.ኤ.አ. በ1611 የገለጸው፣ በሁለት ጎባጣ ሌንሶች የሚሠራው ቴሌስኮፕ ምስሉን ቢገለብጥም ሁለት ጥቅሞች ነበሩት። ዕይታው ሰፊ ነው፤ በውስጡም ምስሉ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ክር መወጠር ይቻላል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አካባቢ እንግሊዛዊው ዊልያም ጋስኮይን በዚህ ቦታ ላይ ቀጭን ክር ተጠቅሟል። ዛሬም ባለ ሌንስ ማነጣጠሪያ ውስጥ የሚታየው የመስቀል ክር የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

የቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያ የዘር ሐረግ ከጦር መሣሪያ ጋር ይገናኛል። በደብሊን ከተማ ቴሌስኮፕ ይሠራ የነበረው ሃዋርድ ግራብ እ.ኤ.አ. በ1900 ለጠመንጃና ለመድፍ የሚሆን፣ የብርሃን ምልክት በመስታወት ላይ የሚያሳይ ማነጣጠሪያ ፈጠረ። ዘዴው በአውሮፕላን መትረየስ ላይ በሰፊው ካገለገለ በኋላ ወደ ሥነ ፈለክ ተመለሰ። አሜሪካዊው ስቲቭ ኩፌልድ በ1970ዎቹ መጨረሻ ቴልራድ የተባለውን፣ ሦስት ቀይ ክቦችን በሰማይ ላይ የሚያሳይ ማነጣጠሪያ ለአማተር ተመልካቾች ሠራ።

ዓይነቶች

ባለ ሌንስ ማነጣጠሪያ፦ በሁለት ቁጥሮች ይጠራል። 6×30 የተባለው 6 ጊዜ የሚያጎላና የፊት ሌንሱ 30 ሚሊሜትር የሚሰፋ ሲሆን 8×50 የተባለው 8 ጊዜ የሚያጎላና የፊት ሌንሱ 50 ሚሊሜትር የሚሰፋ ነው። የመጀመሪያው 7 ዲግሪ ያህል፣ ሁለተኛው ከ5 እስከ 6 ዲግሪ ያህል ሰማይ ያሳያል። በጨለማ 7 ሚሊሜትር ከሚከፈት የዓይን ብሌን ጋር ሲነጻጸር 30 ሚሊሜትር ሌንስ 18 ጊዜ ያህል፣ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ደግሞ 50 ጊዜ ያህል የበለጠ ብርሃን ይሰበስባል። ስለዚህ በከተማ መብራት ምክንያት በባዶ ዓይን የማይታዩ ኮከቦች በ8×50 ማነጣጠሪያ ይታያሉ።

ይህ ዓይነት ማነጣጠሪያ እንደ አሠራሩ ሦስት ዓይነት ምስል ይሰጣል። ቀጥ ያለውና ፕሪዝም የሌለው ምስሉን ሙሉ በሙሉ ይገለብጠዋል፤ ላዩ ታች፣ ግራውም ቀኝ ይሆናል። በ90 ዲግሪ የታጠፈውና ተራ መስታወት ያለው ላይና ታቹን ያቀናል፤ ግራና ቀኙን ግን ያቀያይራል። በ90 ዲግሪ የታጠፈውና ልዩ ፕሪዝም ያለው ምስሉን እንደ ካርታው ቀጥ አድርጎ ያሳያል። የታጠፈው ዓይነት ለአንገት ይመቻል፤ ነገር ግን ተመልካቹ ፊቱን ወደ ሰማዩ ስለማያዞር የመጀመሪያውን ኮከብ ማግኘት ይከብደዋል።

ቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያ፦ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ቀይ መብራት በስሱ በተለበጠ ጎባጣ መስታወት ላይ ያርፋል። ከመስታወቱ የሚመለሰው ብርሃን ከሩቅ እንደመጣ ሆኖ ስለሚታይ ነጥቡ ከኮከቦቹ ጋር በሰማይ ላይ የተቀመጠ ይመስላል። ዓይን ትንሽ ቢንቀሳቀስም ነጥቡ ከኮከቡ ላይ አይወርድም። አያጎላም፤ ምስልም አይገለብጥም፤ ስለዚህ ለጀማሪ ቀላሉ እርሱ ነው። ጉድለቱ በባዶ ዓይን የማይታይን ኮከብ ሊያሳይ አለመቻሉ ነው።

ባለ ክብ ማነጣጠሪያ፦ እንደ ቀይ ነጥቡ ይሠራል፤ በነጥብ ፋንታ ስፋታቸው የታወቀ ክቦችን ያሳያል። የቴልራድ ክቦች ግማሽ፣ 2 እና 4 ዲግሪ ይሰፋሉ። በኮከብ ካርታ ላይ ተመሳሳይ ክቦችን በመሳል ከሰማዩ ጋር ማመሳከር ይቻላል።

ማስተካከል

ማስተካከል ማለት ማነጣጠሪያውና ዋናው ቱቦ ወደ አንድ ነጥብ እንዲያመለክቱ ማድረግ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በቀን መሥራት ይመረጣል፤ በምድር ላይ ያለ ነገር አይንቀሳቀስምና።

1. ቴሌስኮፑ በጠንካራ መሬት ላይ ይቆማል። አነስተኛ ማጉያው፣ ማለትም ትልቅ ቁጥር የተጻፈበት የዓይን ሌንስ (ለምሳሌ 25 ሚሊሜትር) ይገባበታል።

2. ከፀሐይ በተቃራኒ አቅጣጫ፣ ቢቻል አንድ ኪሎሜትር ወይም ከዚያ በላይ የሚርቅ ጎልቶ የሚታይ ነገር ይመረጣል። የስልክ ማማ ጫፍ፣ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ወይም የመስጊድ ሚናራ ተስማሚ ነው።

3. ማነጣጠሪያው ሳይነካ፣ በዋናው ቴሌስኮፕ ብቻ ያ ነገር ተፈልጎ በዕይታው መካከል ይደረጋል። ምስሉ ቢገለበጥ ችግር የለውም። ከዚያ ቱቦው እንዳይንቀሳቀስ መቆለፊያዎቹ ይጠብቃሉ።

4. አሁን በማነጣጠሪያው ይታያል። የመስቀሉ ክር ወይም ቀይ ነጥቡ ከዒላማው ርቆ ከሆነ፣ ቱቦው ሳይነካ በማነጣጠሪያው ብሎኖች ብቻ እየተመራ ዒላማው ላይ ይደረጋል። ሦስት ብሎኖች ባሉት ማቀፊያ አንዱን ከማጥበቅ በፊት ተቃራኒውን ማላላት ያስፈልጋል። ሁለት ብሎንና አንድ ሞላ ባለው ግን ሞላው ራሱ ይመልሰዋል።

5. ዒላማው አሁንም በዋናው ቴሌስኮፕ መካከል መሆኑ ይረጋገጣል። ከዚያ በ10 ሚሊሜትሩ የዓይን ሌንስ ተተክቶ ሥራው በጥንቃቄ ይደገማል።

የዒላማው ርቀት የሚያስፈልገው ማነጣጠሪያው ከዋናው ቱቦ መካከል 15 ሴንቲሜትር ያህል ርቆ ስለሚታሰር ነው። ዒላማው 50 ሜትር ላይ ቢሆን ይህ ክፍተት 0.17 ዲግሪ ስህተት ያመጣል፤ ይህም 0.56 ዲግሪ በሚሰፋ ዕይታ ውስጥ ኮከቡን ከመካከል ወደ ዳር ይገፋዋል። በአንድ ኪሎሜትር ግን ስህተቱ ከ0.01 ዲግሪ ያነሰ ነው። ስለዚህ በግቢ ውስጥ ባለ ዛፍ ወይም በጎረቤት ጣሪያ የተስተካከለ ማነጣጠሪያ ለሰማይ ትክክል አይሆንም።

ማታ በአንድ ደማቅ ኮከብ የመጨረሻው እርማት ይደረጋል። በሰሜን አገሮች የተጻፉ መመሪያዎች ለዚህ የሰሜን ኮከብን ይመክራሉ፤ ቦታውን እምብዛም አይለቅምና። አዲስ አበባ ግን በሰሜን 9 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ስለምትገኝ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ይላል፤ ብዙ ጊዜም በተራራ፣ በሕንፃ ወይም በጭጋግ ይሸፈናል። በኢትዮጵያ የሚሻለው ሌላ ደማቅ ኮከብ መርጦ፣ ብሎኖቹን ከመነካካት በፊት ኮከቡን በየጊዜው ወደ ዋናው ዕይታ መካከል መመለስ ነው።

ቱቦውን ወዴት መግፋት

ጀማሪውን ይበልጥ የሚያደናግረው የምስል መገልበጥ ነው። ኮከቡ በማነጣጠሪያው ውስጥ በስተግራ ሲታይ ቱቦውን ወደ ግራ የገፋ ሰው ኮከቡን ጨርሶ ከዕይታ ያስወጣዋል። ሁለት ቀላል ደንቦች አሉ።

በቀይ ነጥብ ወይም ምስል በማይገለብጥ ማነጣጠሪያ፣ የቱቦው አፍ ኮከቡ ወደሚታይበት አቅጣጫ ይገፋል። ምስሉን ሙሉ በሙሉ በሚገለብጥ ማነጣጠሪያ ግን የቱቦው አፍ የሚገፋው ኮከቡ እንዲሄድ ወደሚፈለግበት አቅጣጫ ነው። ኮከቡ ከመስቀሉ በስተግራ ካለ፣ ወደ ቀኝ መሄድ ስላለበት ቱቦውም ወደ ቀኝ ይገፋል። ግራና ቀኙን ብቻ በሚያቀያይረው ዓይነት ሁለተኛው ደንብ ለግራና ቀኝ፣ የመጀመሪያው ለላይና ታች ይሠራል።

ቀይ ነጥብ ሲጠቀሙ ሁለቱንም ዓይኖች ከፍቶ ማየት ይረዳል። ነጥቡ ኮከቡን እንዳይሸፍነው ብርሃኑ ኮከቡ ከሥሩ እስኪታይ ድረስ ይቀነሳል። በማነጣጠሪያ ከተገኘ በኋላ በዋናው ቴሌስኮፕ ሁልጊዜ በአነስተኛ ማጉያ መጀመር፣ ዒላማው መካከል ሲገባ ብቻ ማጉያውን መጨመር ያስፈልጋል።

ከኮከብ ወደ ኮከብ መዝለል

በባዶ ዓይን የማይታይ ነገር የሚገኘው ከሚታይ ኮከብ ተነሥቶ በማነጣጠሪያ ዕይታ ደረጃ በደረጃ በመሄድ ነው። ርቀት ለመለካት ክንድ ተዘርግቶ እጅ ይጠቅማል። የትንሿ ጣት ስፋት 1 ዲግሪ፣ የሦስቱ መካከለኛ ጣቶች ስፋት 5 ዲግሪ፣ የጭብጥ ስፋት 10 ዲግሪ ያህል ነው። በኢትዮጵያ በክረምት ደመና ስለሚበዛ ለልምምድ የሚመቹት ከጥቅምት ጀምሮ ያሉት የበጋ ወራት ናቸው። የሚከተሉት ከቀላል ወደ ከባድ የተደረደሩ ናቸው።

ሰባቱ ከዋክብት፦ በባዶ ዓይን የሚታዩና 2 ዲግሪ ያህል የሚሰፉ ናቸው። በዋናው ቴሌስኮፕ በአንድ ዕይታ አይገቡም፤ በ6×30 ማነጣጠሪያ ግን ሁሉም አንድ ላይ ሆነው በጣም ያምራሉ።

የኦሪዮን ኔቡላ፦ በኦሪዮን መቀነት ላይ ካሉት ሦስት ኮከቦች በስተደቡብ ከ4 እስከ 5 ዲግሪ ርቆ ይገኛል። በማነጣጠሪያው እንደ ትንሽ ጭጋግ ይታያል። ርቀቱ 1,300 የብርሃን ዓመት ያህል ነው። በኢትዮጵያ ኦሪዮን ከፍ ሲል መቀነቱ ከአናት 10 ዲግሪ ያህል ብቻ ይርቃል፤ በቀጥተኛ ማነጣጠሪያ ያን ጊዜ ማየት አንገት ስለሚያሳምም ከዚያ ቀደም ብሎ ወይም ዘግይቶ መፈለግ ይሻላል።

ሜሲዬ 41፦ ከሰማይ ኮከቦች ሁሉ ደማቅ ከሆነው ከሲሪየስ በስተደቡብ 4 ዲግሪ ርቆ የሚገኝ የኮከቦች ክምችት ነው። በየካቲት ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ ሲሪየስ በስተደቡብ ከፍ ብሎ ሲቆም ክምችቱ ከሥሩ ይሆናል። ምስል በሚገለብጥ ማነጣጠሪያ ግን ከሲሪየስ በላይ ይታያል። ስለዚህ አቅጣጫን ለመለማመድ እጅግ ተስማሚ ነው።

የአንድሮሜዳ ጋላክሲ፦ በኅዳር ምሽቶች ሚራክ ከተባለው ኮከብ ተነሥቶ 4 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲኬድ ደብዘዝ ያለ ኮከብ ይገኛል። በዚያው አቅጣጫ ተመሳሳይ ርቀት ሲጨመር ሞላላ ጭጋግ ይታያል። 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ የሚገኝ ጋላክሲ ነው።

ኦሜጋ ሴንታውሪ፦ ከአውሮፓና ከአብዛኛው የሰሜን አሜሪካ የማይታይ ወይም ከአድማስ ከፍ የማይል፣ ከኢትዮጵያ ግን በግንቦት ምሽቶች በስተደቡብ 33 ዲግሪ ያህል ከፍ የሚል ታላቅ የኮከቦች ክምችት ነው። በማነጣጠሪያው እንደ ደብዛዛ ክብ ኮከብ ይታያል።

የተለመዱ ችግሮች

ቀይ ነጥቡ አይበራም፦ በአዲስ መሣሪያ ብዙ ጊዜ በባትሪው ላይ የሚገኘው ስስ ፕላስቲክ አልወጣም ማለት ነው። ሳይጠፋ አድሮም ባትሪው ሊያልቅ ይችላል።

ኮከቦቹ እንደ ክብ ጭጋግ ይታያሉ፦ የማነጣጠሪያው ትኩረት አልተስተካከለም። በአብዛኞቹ ላይ ከፊት ሌንሱ በስተኋላ ያለው የመቆለፊያ ቀለበት ላልቶ፣ የፊት ሌንሱ ማቀፊያ ኮከቡ ነጥብ እስኪሆን ድረስ ይሽከረከራል፤ ከዚያ ቀለበቱ ይጠብቃል።

በየምሽቱ ይዛነፋል፦ ብሎኖቹ ላልተዋል፣ ወይም ቴሌስኮፑ ሲነሳ ማነጣጠሪያው እንደ እጀታ ተይዟል። ምሽቱን ከመጀመር በፊት በደማቅ ኮከብ መፈተሽ ልማድ ሊሆን ይገባል።

መስታወቱ ጤዛ ይይዛል፦ በቀዝቃዛ ሌሊት የተለመደ ነው። በጨርቅ መጥረግ ሽፋኑን ስለሚጭር፣ በፊት በኩል ከካርቶን የተሠራ ከለላ ማድረግ ይሻላል።

በኮምፒውተር የሚመሩ ቴሌስኮፖችም ከማነጣጠሪያ ነፃ አያወጡም። ብዙዎቹ ሰማዩን እንዲያውቁ በመጀመሪያ ሁለት ወይም ሦስት ኮከቦች በተመልካቹ ተነጣጥረው ሊሰጧቸው ይገባል።

ጥንቃቄ

ማነጣጠሪያን በፀሐይ ማስተካከል ፈጽሞ አይገባም። በባለ ሌንስ ማነጣጠሪያ ፀሐይን ለቅጽበት ማየት ዘላቂ ዕውርነት ሊያስከትል ይችላል። የዓይን ብርሃን ተቀባይ ክፍል የሕመም ስሜት ስለሌለው ጉዳቱ ሲደርስ አይታወቅም።

አደጋው በተለይ የሚመጣው በፀሐይ ግርዶሽ ጊዜ ነው። ዋናው ቴሌስኮፕ ተገቢው የፀሐይ ማጣሪያ በፊት በኩል ቢደረግለትም፣ አጠገቡ ያለው ማነጣጠሪያ ያለ ማጣሪያ ክፍት ሆኖ ይቀራል። አንድ ልጅ ዓይኑን ቢያስጠጋበት ወይም የተሰበሰበው ብርሃን በፀጉርና በልብስ ላይ ቢያርፍ ያቃጥላል። ስለዚህ ፀሐይ በሚታይበት ጊዜ ባለ ሌንሱን ማነጣጠሪያ ከቴሌስኮፑ ነቅሎ ማስቀመጥ፣ ካልሆነም የፊት ክዳኑን በፕላስተር አጥብቆ መዝጋት ያስፈልጋል። ቱቦውን ወደ ፀሐይ ለማዞር ማነጣጠሪያ አያስፈልግም፤ የቱቦው ጥላ በመሬት ላይ እጅግ አጥሮ ክብ ሲሆን ቱቦው ወደ ፀሐይ ዞሯል ማለት ነው።

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የቀለበት ግርዶሽ በላሊበላ በኩል አልፏል። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2 ቀን 2027) በሰሜን አፍሪካና በዐረብ ባሕረ ሰላጤ ምድር ሙሉ የሚሆነው ግርዶሽ በኢትዮጵያ በከፊል ይታያል። ቴሌስኮፕ ለሕዝብ በሚቀርብባቸው እንዲህ ባሉ ቀናት በመጀመሪያ ሊፈተሽ የሚገባው የማነጣጠሪያው ክዳን ነው።

አንዳንድ ተመልካቾች በማነጣጠሪያ ፋንታ አረንጓዴ ሌዘር ይጠቀማሉ። ጨረሩ የአውሮፕላን አብራሪዎችን ዕይታ ስለሚያውክና ዓይንን ስለሚጎዳ በብዙ አገሮች በሕግ የተገደበ ነው። ለጀማሪም ሆነ ሕፃናት ባሉበት ቦታ አይመከርም።